ቮልስ ማርሽ ነክሶ ሲይዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች በብዛት የምትጠይቁኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ማርሹ ገብቶ አልወጣም አለ፣ ጋራዥ ወስጄው ነበር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት አሉኝ፣ ምን ላርግ? እኔ የምለው ሁሌም አንድ ነው፣ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ከውጪ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ቮልስ ላይ ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ነው፣ ማርሽ የምትቀይሩበት እጀታ ደግሞ ከፊት ነው፣ በመሀል ረጅም ዘንግ አለ፣ ገመድ አለ፣ ቡሽ (ዘንጉን የሚይዝ ቀለበት) አለ፣ መጋጠሚያ አለ፣ እነዚ ሁሉ በዕድሜ የሚያልቁ ርካሽ እቃዎች ናቸው። በቅደም ተከተል ካየናቸው ብዙ ሰው ካምቢዮ ሳያስፈታ ይገላገላል ብዬ አምናለሁ። ከታች ያለው በተለይ ሞተሩ በአየር ለሚቀዘቅዘው የድሮ ቮልስ ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ስለ ላዳና ስለ ፔጆም ትንሽ ብያለሁ።

ማርሹ አሁን ገብቶ ይዞብኛል፣ ከሁሉ በፊት ምን ላድርግ?

እጀታውን በጉልበት መታገል አቁሙ። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ሲፈታ የሚገኘው የተጣመመ ፎርኬታና (ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚገፋው ሹካ) የተሰበረ ቡሽ ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ ሳይሆን ከትግሉ የመጣ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ። ከዛ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን ፔዳል) እስከ መጨረሻው ርገጡና እጀታውን ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ሞተር ጠፍቶ ከወጣ ትልቅ መረጃ አገኛችሁ ማለት ነው፣ ካልወጣም መረጃ ነው። ሁለቱንም ወደታች አብራራለሁ።

ዳገት ላይ በማርሽ አቁሜ ጠዋት ስነሳ አልወጣም አለኝ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል፣ እንደውም ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። መኪናው በክብደቱ ማርሹ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያድር ጥርስ ከጥርስ ተጫጭኖ ይያያዛል፣ በተለይ የእጅ ፍሬኑ ደካማ ከሆነ። አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥና ፍሪሲዮን ረግጦ እጀታውን ወደ ኒውትራል በለስላሳው ይሳብ፣ ሌላ ሰው ደግሞ መኪናውን ከኋላ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዝ። ጭነቱ በለቀቀባት ቅጽበት ቀጭ ብሎ ይወጣል። ረዳት ከሌለ ደግሞ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቻላል፣ የዲናሞው ፑሊ ላይ ያለውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዛችሁ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ። ቁልፉ መነቀሉን እርግጠኛ ሁኑ፣ ሞተሩ እጃችሁ ላይ እንዳይነሳ።

የእጅ ፍሬኑን ግን አሠሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት የሌለው ሰፈር የት አለ፣ ካምቢዮውን እንደ እጅ ፍሬን መጠቀም መጨረሻው ወጪ ነው።

ችግሩ ከፍሪሲዮን ይሁን ከማርሽ ዘንጉ ወይስ ከካምቢዮው ውስጥ በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፣ ብዙ ብር የሚያድነው ይሄ ነው።

ሞተር ጠፍቶ አራቱም ማርሾችና የኋላ ማርሹ በቀላሉ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ሞተር ሲነሳ ግን ወይ አይገቡም ወይ የገባው አይወጣም፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ይንኳኳል ይጮሃል፦ ይሄ ፍሪሲዮን አልለቅም ማለቱ ነው። ካምቢዮው ንጹህ ነው፣ አትንኩት።

እጀታው ላላ፣ ወዲህም ወዲያም ይዋልላል፣ ግን ምንም ማርሽ አይቀየርም፣ መኪናው ቀድሞ በነበረበት ማርሽ ላይ ነው፦ ይሄ ዘንጉ ወይ መጋጠሚያው ነው። ይሄም ከካምቢዮ ውጪ ነው።

እጀታው ደረቅ ነው፣ እንደ ብረት ቆሟል፣ ሞተር ጠፍቶም አይነቃነቅም፣ መኪናውን ብታወዛውዙትም አይለቅም፦ እዚህ ጋ ነው ወደ ካምቢዮ ማሰብ የሚጀመረው፣ እሱም ቢሆን መጋጠሚያውን አላቃችሁ ካያችሁ በኋላ። መጋጠሚያው ሲላቀቅ እጀታው ነፃ ከሆነ ችግሩ ከመጋጠሚያው በኋላ ነው። ተላቆም እጀታው ከደረቀ ችግሩ ከፊት ነው፣ ካምቢዮው በሐሰት ነበር የተከሰሰው።

ፍሪሲዮኑ ነው እንበል፣ ከየት ልጀምር?

ከገመዱ። ቮልስ ፍሪሲዮኑ በገመድ ነው የሚሠራው፣ ዘይት የለውም። ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ መጀመሪያ ላይ በነፃ የሚሄዳት ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለባት። ከዛ በላይ ከሆነ ገመዱ ላልቷል፣ ፔዳሉ ወለል ነክቶም ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) አይላቀቅም። ማስተካከያው ከመኪናው ስር ነው፣ በግራ የኋላ ጎማ በኩል ካምቢዮው ጎን ላይ የገመዱ ጫፍ ጥርስ አለው፣ እሱ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለች ዳዶ አለች። ጫፉን በፒንሳ ያዙ (ገመዱ አብሮ እንዳይጠማዘዝ) ዳዶዋን ወደ ውስጥ አጥብቁ፣ ፔዳሉን ለኩ፣ እንደገና አጥብቁ። ዳዶዋ ስትቀመጥ ክንፎቿ በማንሻው ላይ ባለው ቦታ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ አለዚያ በራሷ ትፈታለች። ከልክ በላይ ማጥበቅም ጥፋት ነው፣ ነፃ ርቀት ከሌለ ኩሽኔታው (ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቤሪንግ) ሁሌ እየተጫነ ይቃጠላል፣ ሸራውም መንሸራተት ይጀምራል።

መኪና ስር ስትገቡ ክሪክ ብቻ አምናችሁ አትግቡ፣ እባካችሁ፣ ጠንካራ መደገፊያ አርጉበት።

ገመዱን ስታዩት ክሮቹ መበጣጠስ ከጀመሩ ማስተካከሉን ተዉትና ቀይሩት፣ ነገ መንገድ ላይ ነው የሚበጠሰው። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ፔዳሉ ጋ ባለው መንጠቆ በኩል ወይም በጥርሱ መጀመሪያ ላይ ነው።

ገመዱን አስተካክለዋለሁ ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይላላል፣ አዲስ ገመድም አድርጌበታለሁ

እንደዚ ሲሆን ገመዱን ሳይሆን ገመዱ የሚያልፍበትን ቱቦ ጠርጥሩ። ሁለት ቱቦ ነው ያለው። አንደኛው ከኋላ በኩል ከሻሲው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ ነው፣ እሱ ቀጥ ብሎ መሄድ የለበትም፣ ወደታች ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት፣ ይሄ እርግብታ ነው ፍሪሲዮኑ እንዳይንዘፈዘፍ የሚያደርገው። ቱቦው ከተወጠረ ወይም ከልክ በላይ ከረገበ ጫፉ ላይ ሮንዴላ በመጨመርና በመቀነስ ይስተካከላል።

ሁለተኛውና አስቸጋሪው በመሀለኛው ቱነል (በወለሉ መሀል ከፊት ወደኋላ በሚሄደው የብረት ቦይ) ውስጥ የተበየደው የብረት ቱቦ ነው። ብየዳው ሲለቅ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ገመዱ ፍሪሲዮኑን ሳይሆን ቱቦውን ራሱን ይጎትታል። ምልክቱ፦ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል፣ ማስተካከያው ያልቃል፣ ስትረግጡ ከቱነሉ ውስጥ ኪርር የሚል ወይ የሚያንኳኳ ድምፅ ትሰማላችሁ። ይሄ ቱነሉ ከጎን በትንሹ ተከፍቶ እንደገና ብየዳ ይፈልጋል። ሥራው ከባድ አይደለም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ በዚያው ቱነል ውስጥ የቤንዚን መስመር ያልፋልና። ቤንዚኑ ሳይዘጋና መስመሩ ሳይጸዳ እሳት የሚያቀርብ በያጅ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር፣ አሁን ይነሳል ግን ፍሪሲዮን ብረግጥም ማርሽ አይገባም

ሸራው በዝገት ቮላኖው ላይ ተጣብቋል። እርጥበት ባለበት ግቢ ከሰኔ እስከ መስከረም የቆመ መኪና ላይ ያጋጥማል። ገመዱ ትክክል መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ገር የሆነውን ዘዴ ሞክሩ፦ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ በእንጨት ወጥሩትና አሳድሩት። አንዳንዴ ጠዋት ቀጭ ብሎ ተላቆ ይገኛል።

ካልሆነ ሰፊ፣ ሜዳ የሆነ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል። ሞተሩን አሙቁትና አጥፉት። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ እንዳላችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አስነሱት፣ መኪናው ወዲያው ይንቀሳቀሳል፣ ተዘጋጁ። ፔዳሉን ሳትለቁ ነዳጅ ሰጥ ለቀቅ፣ ሰጥ ለቀቅ አድርጉ፣ ከዛ ፍሬን ያዝ። ሲላቀቅ ሞተሩ ብቻውን መዞር ይጀምራል፣ ይታወቃችኋል። የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ይሄን እንዳትሞክሩ፣ ሕፃናት ያሉበት ቦታማ ጭራሽ። በዚህም ካልለቀቀ ሞተሩ ይወርዳል፣ የቮልስ ሞተር የሚያዘው ከካምቢዮው ጋር በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ ቢወርድም የሚያስፈራ ሥራ አይደለም።

ሞተሩ ከወረደ አይቀር ቮላኖው መሀል ያለችውን ትልቋን ቡሎን እዩዋት፣ ውስጧ ትንሽ የመርፌ ኩሽኔታ አለች፣ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ እሷ ውስጥ ነው የሚዞረው። ግሪስ አልቆባት ከደረቀች ፍሪሲዮኑ ቢለቅም ዘንጉ ከሞተሩ ጋር አብሮ መዞሩን አያቆምም፣ ማርሹም አይወጣም። ብዙ መካኒክ ሸራ ቀይሮ እሷን ሳያይ ይዘጋል፣ ከዛ ያው ችግር ይመለሳል።

ለሚቀጥለው ክረምት ግን መኪናው የሚቆም ከሆነ ፔዳሉን ተረግጦ በእንጨት ወጥራችሁ አቁሙት፣ ሸራውና ቮላኖው ሳይነካኩ ይከርማሉ።

እጀታው ይዋልላል ማርሹ ግን አይቀየርም ላልከው፣ መጋጠሚያው የት ነው ያለው?

የኋላ መቀመጫ ስር። መቀመጫውን ስታነሱ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፣ መሀል ላይ ቱነሉ በሚያልቅበት ቦታ በአንድ ቪቴ የታሰረች ትንሽ ክዳን ታገኛላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ምንጣፉ ሸፍኗት ነው። ክዳኗን ስትከፍቱ በአቧራና ከመቀመጫው በረገፈ ክር የተሞላ ጉድጓድ ነው፣ በባትሪ መብራት ግቡበት። ከፊት የሚመጣው ረጅም ዘንግና ከካምቢዮው አፍንጫ የሚወጣው አጭር ዘንግ እዚያ ላይ ይገናኛሉ፣ ኮፕሊንግ የሚባለው እሱ ነው፣ በብረት ማቀፊያ ውስጥ የጎማ ወይ የፕላስቲክ ቡሾች አሉት።

አሁን አንድ ሰው እጀታውን ወዲህ ወዲያ ያድርግ፣ እናንተ እዩ። የፊተኛው ዘንግ እየሄደ የኋለኛው ዝም ካለ አገኛችሁት። ወይ ቡሾቹ ተፈርፍረው አልቀዋል፣ ወይ ደግሞ አራት ማዕዘን ራስ ያላት ትንሿ ማሰሪያ ቡሎን ለቃለች። ይቺ ቡሎን ጫፏ ሾጣጣ ነው፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ ለሷ የተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ ጫፏ በትክክል እዛች ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለባት። ፋብሪካው ቡሎኗ እንዳትፈታ በሽቦ አስሯት ነው የሚያወጣው። አንድ ቦታ ላይ አንዱ ፈትቶ ሲመልስ ሽቦውን ትቶት ይሆናል፣ ከዛ በንዝረት እየላላች እየላላች ትሄድና አንድ ቀን ሦስተኛ ላይ እንዳላችሁ ዘንጉ ይንሸራተታል፣ መኪናው ሦስተኛ ላይ ይቀራል እጀታው ግን ባዶውን ይዋኛል። ጥገናው ቡሎኗን ጉድጓዷ ላይ አሰልፎ ማጥበቅና ሽቦ ማሰር ነው፣ በቃ። ለዚህ ካምቢዮ የተፈታባቸው ሰዎች አሉ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር፣ መቀመጫውን ስትመልሱ ባትሪው ክዳን እንዳለው እዩ። የመቀመጫው ሞላ ብረት ነው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ፖል ከነካ እሳት ይነሳል፣ በዚህ የተቃጠለ ቮልስ ጥቂት አይደለም። ክዳን ከሌለው ወፍራም ጎማ አልብሱት።

መንገድ ላይ ነኝ፣ በመጋጠሚያው በኩል ማርሹን በእጅ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ሞተር ጠፍቶ ከሆነ። የካምቢዮውን አጭር ዘንግ በጥሩ ፒንሳ ወይ በመጋጠሚያው በኩል ያዙት። አቅጣጫውን እወቁ፦ እጀታው መሀሉ ላይ ስለሚሽከረከር ላዩ ወደፊት ሲሄድ ታቹ ወደኋላ ነው የሚገፋው። ስለዚ አንደኛ ወይ ሦስተኛ ላይ የያዘ ከሆነ ዘንጉን ወደ መኪናው ፊት ሳቡት፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ ወይ የኋላ ማርሽ ላይ ከሆነ ወደኋላ ግፉት። ቀጭ ብሎ መሀል ላይ ሲቆም ኒውትራል ነው፣ መኪናውን ገፋ አድርጋችሁ አረጋግጡ። መጋጠሚያው ጨርሶ ከተበላሸ በዚሁ ዘዴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ቅርብ ጋራዥ መሄድ ይቻላል፣ ፍሪሲዮኑ ደህና እስከሆነ ድረስ።

እጀታው ይንኳኳል፣ ሁለተኛን ስፈልግ የኋላ ማርሽ ጋ ይሄድብኛል፣ ከዛ ይቆልፋል

ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ረጅሙ ዘንግ ቱነሉ ውስጥ የሚንሸራተትበት የፕላስቲክ ቡሽ ነው፣ እጀታው አጠገብ ነው ያለው፣ ሲደርቅና ሲሰበር ዘንጉ ይንጠለጠልና ይንኳኳል። መቀየሩ ርካሽ ነው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እጀታው ይወጣል፣ ዘንጉ ከመጋጠሚያው ይላቀቅና ከቡሹ ቤት እስኪወጣ ይገፋል፣ አዲሱ ቡሽ በግሪስ ተለስልሶ ይገባል።

ሁለተኛው እጀታው ስር ያለችው የኋላ ማርሽ መከላከያ ሰሌዳ ናት። ቮልስ የኋላ ማርሽ የሚገባው እጀታውን ወደታች ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ኋላ ነው፣ ሳይጫኑ እንዳይገባ የምታግደው እሷ ናት። ጠርዟ ሲበላ ወይም ሰው ፈትቶ ገልብጦ ሲያስራት እጀታው ያልሆነ ቦታ ይሄድና እዛው ይነክሳል። እጀታውን የሚያስሩት ሁለት የ13 ቡሎኖች ናቸው፣ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ሰሌዳዋ የተቀመጠችበትን ዙሪያ በሹል ነገር ምልክት አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ራሱ ማርሽ ይጠፋል። ስትመልሱ ቡሎኖቹን ሙሉ ለሙሉ ሳታጠብቁ ሁሉንም ማርሽ አስገብታችሁ አውጡ፣ ሲመቻች ነው የሚጠበቀው።

ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡበትን ጎማም አትርሱ። የፊተኛው መደገፊያ ጎማ ሲቀደድ ፍሪሲዮን በለቀቃችሁ ቁጥር ካምቢዮው ራሱ ይዘላል፣ ዘንጉም አብሮ ይዛባል፣ ማርሽ ያመልጣል ወይ ይነክሳል። ከስር ሆናችሁ በብረት ፈልቀቅ ስታደርጉት ስንጥቁ ይታያል።

የኋላ ጎማው ጭራሽ አይዞርም፣ ፍሪሲዮን ብረግጥም መኪናው አይገፋም

ሁለት ማርሽ በአንዴ ገብቶ ይሆናል። ካምቢዮው ውስጥ ሦስት የማርሽ ዘንጎች አሉ፦ አንዱ ለአንደኛና ሁለተኛ፣ አንዱ ለሦስተኛና አራተኛ፣ አንዱ ለኋላ ማርሽ። በመሀላቸው አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዳይሄድ የሚቆልፉ ትንንሽ ብረቶች አሉ። እነዚያ ካለቁ ወይም ዘንጎቹን የሚመርጠው ማንሻ ጫፉ ተበልቶ በመሀል ካመለጠ ሁለት ማርሽ ተያይዞ ይቆልፋል፣ ከዛ ምንም አይዞርም።

ግን ከመደምደማችሁ በፊት ፍሬኑን አጣሩ፣ ቆሞ የከረመ መኪና ላይ የፍሬን ሸራው ታምቡሩ ላይ ተጣብቆ ሰው ካምቢዮ ይወቅሳል። ማጣሪያው እንዲህ ነው፦ የፊት ጎማዎቹን አግዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሱና በመደገፊያ አስቀምጡ። አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላኛው በተቃራኒ አቅጣጫ በቀላሉ ከዞረ ፍሬኑ ንጹህ ነው፣ የያዘው ካምቢዮው ወይ ሞተሩ ነው። አሁን ካንዴላዎቹን ንቀሉ፣ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው አስቀምጡ፣ ሁለቱን ጎማዎች ሁለት ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙር። የሞተሩ ፑሊ አብሮ ከዞረ ፍሪሲዮኑ አለቀቀም፣ ወደ ገመዱ ተመለሱ። ፑሊው ካልዞረ ጎማዎቹም አንድ ላይ በፍጹም አንሄድም ካሉ ሁለት ማርሽ ገብቷል።

እንደዚህ ከሆነ መጋጠሚያውን አላቁና አጭሩን ዘንግ በእጅ እያዟዟራችሁ ወደ መሀል ለመመለስ ሞክሩ፣ አንዳንዴ ይመለሳል። ቢመለስም ግን ያው ችግር ነገ ፍጥነት ላይ ሊመጣ ይችላል፣ የኋላ ጎማ በፍጥነት ላይ ሲቆልፍ ደግሞ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። ይሄ አንዱ በእውነት ካምቢዮው መውረድ ያለበት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

የካምቢዮ ዘይት ማርሽ ሊያስነክስ ይችላል?

ይችላል፣ ቀስ በቀስ። ቮልስ ካምቢዮና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) በአንድ ቤት ነው፣ ዘይታቸውም አንድ ነው፣ ሲቀየር 2.5 ሊትር ያህል ይወስዳል። ዓይነቱ 80ደብሊው-90 ሆኖ ጂኤል-4 የሚል ይሁን። ጂኤል-5 የሚለውን ጋራዥ ውስጥ ለሁሉም መኪና ያደርጉታል፣ ለድሮ ካምቢዮ ግን ልክ አይደለም፣ ሲንክሮዎቹ (ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርጉት ቀለበቶች) ፍጥነት ለማስተካከል መያያዝ ነው የሚፈልጉት። መሙያዋ በጎን በኩል ናት፣ በ17 ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ትከፈታለች፣ ዘይቱ ከመሙያዋ ታችኛው ከንፈር ጋር እኩል ሲሆን በቃው። መጀመሪያ መሙያዋን ፍቱ፣ ከዛ ማፍሰሻዋን፣ መሙያዋ ዝጋ አልፈታም ካለች ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ እንዳትቀሩ።

የሚወጣውን ዘይት እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ ብዙ ጊዜ በጎን ዘንጎቹ ላይ ያሉት የጎማ ሽፋኖች ተቀድደው ነው። የነሐስ ብናኝ ካለው ሲንክሮዎቹ እያለቁ ነው። የብረት ስብርባሪ ከወጣ ሳትነዱት ይፈታ።

ሞዴሉ ለውጥ አለው?

አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960 አጋማሽ በኋላ የወጡት አብዛኞቹ አራቱም ማርሾቻቸው ሲንክሮ አላቸው። ከዛ በፊት የነበሩት ላይ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ የለውም፣ መኪናው እየሄደ አንደኛ አልገባም ቢል ወይ ቢጮህ ብልሽት አይደለም፣ ቁሙና አስገቡ። ፍሪሲዮን ፔዳል የሌላቸው ከፊል አውቶማቲክ ቮልሶችም አሉ፣ እነሱ ላይ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው እጀታው ስር ያለ የኤሌክትሪክ መገናኛና የሞተሩ የአየር ስበት ነው፣ ማርሽ ከያዘ መጀመሪያ እጀታው ስር ያለውን መገናኛና የአየር ቱቦዎቹን ነው የምታዩት።

ማርሽ እንደያዘ መጎተት ይቻላል?

የኋላ ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ፣ አዎ። የሚጭን መኪና ከተገኘ እሱ ይሻላል። ሁለት ማርሽ ተያይዞ የቆለፈ ከሆነማ በገመድ መጎተት ጎማ መፍጨት ነው። አንድ ማርሽ ላይ ብቻ ይዞ ፍሪሲዮን ተረግጦ ልሂድ የምትሉ ደግሞ ኩሽኔታውን ነው የምትከፍሉት፣ ከግቢ ማስወጣት ያህል ካልሆነ አይመከርም።

ላዳ ወይ ፔጆ ነው ያለኝ፣ ይሄ ሁሉ ይሠራል?

የማጣሪያው ቅደም ተከተል ይሠራል፣ እቃው ይለያል። ላዳ ፍሪሲዮኑ በዘይት ነው፣ ስለዚ ገመድ አትፈልጉ፣ የፍሪሲዮን ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ፣ የላይኛውና የታችኛው ፖምፔታ (ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ጎሚኒያቸው (የጎማ ማሸጊያቸው) አልቆ እንደሆነ፣ አየር ገብቶ እንደሆነ ነው የሚታየው። እጀታው ደግሞ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ስለተቀመጠ ረጅም ዘንግ የለውም። መሪው ስር ማርሽ የሚቀየርባቸው እንደ ፔጆ 404 ያሉት ላይ ደግሞ እጀታው ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በተያያዙ ማንሻዎች ነው፣ ቡሾቻቸው ሲያልቁ ማንሻዎቹ ይቆላለፋሉ። ኮፈኑን ከፍቶ ከመሪው ዘንግ ስር ያሉትን ማንሻዎች በእጅ ወደ መሀል መመለስ ያስለቅቀዋል፣ ከዛ ቡሾቹ ይቀየራሉ።

ለዚህ ሁሉ መለዋወጫ ከየት ይገኛል? ከመሸጥ አይሻልም?

አትሽጡት። የቮልስ ማምረቻ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ሲሠራ ስለነበር፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ፣ እቃው እስከ ዛሬ አዲስ ይመረታል። እዚህ ሶማሌ ተራ ገመድና ሸራ ጠይቁ፣ የቆዩ የቮልስ መካኒኮችም ከተፈቱ መኪኖች ያስቀመጡት አለ። መጋጠሚያ፣ የዘንግ ቡሽ፣ የመርፌ ኩሽኔታ የመሳሰሉትን ደግሞ አሜሪካ ወይ ጀርመን ያለ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ ጥግ ይዞላችሁ ይመጣል፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ እፍኝ አይሞላም፣ እዛ ሀገር ዋጋውም ቀላል ነው። ሲያዝዙላችሁ የመኪናውን ዓመትና የሻሲ ቁጥር ስጧቸው፣ ቡሽ በዓመት ይለያያል። የቮላኖው ቡሎንና ሸራም ከሞተሩ ዓይነት ጋር ይለያያል፣ የስድስት ቮልትና የአሥራ ሁለት ቮልት መኪኖች ቮላኖ አንድ አይደለም፣ ስለዚ አሮጌውን ሳትለኩ አትግዙ። የተፈታውን አሮጌ እቃ ደግሞ አዲሱ ገብቶ መኪናው እስኪሞከር ድረስ ጋራዡ እንዳይጥለው ንገሩ፣ አንዳንድ አዲስ የሚመጡ መጋጠሚያዎች ቡሻቸው በጣም ደረቅ ስለሆነ እጀታውን ራሱን ያደርቁታል፣ የድሮው ማቀፊያ ላይ አዲስ ቡሽ ብቻ መቀየር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።